የጋሽ ቃሲም አረንጓዴ ውሃ

ቀድሞ የደረሰኝ ሽታው ነው። ባለፈው ጥቅምት ከአዳማ ወደ አሰላ ስንወጣ፣ ኢተያን አልፈን ዳገቱን እንደጀመርን፣ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ከፊት በኩል ነጭ እንፋሎት መትፋት ጀመረ። ሹፌሩ መንገዱን ለቆ ገብስ ማሳ ዳር አቆመ። ተሳፋሪው እየተነጫነጨ ወረደ፣ እኔም ወረድኩ። እግሬ መሬት ሳይነካ አፍንጫዬ ውስጥ የገባው ሽታ ግን ባለሁበት አደረቀኝ። የተቃጠለ ስኳርና የጋለ ብረት አብረው የፈሉ የሚመስል፣ ጣፋጭ፣ ምላስ ላይ የሚቀመጥ ሽታ ነው።

ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ከወንበሩ ሥር አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ አወጣ፤ ውስጡ አረንጓዴ ፈሳሽ ነበር። ጠርሙሱን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ጨርቅ ሊያመጣ ዞር ሲል፣ አራት ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ በዚያው በኩል ትሄድ ነበር። ምናልባት ወደ ጠርሙሱ አልነበረም የምትሄደው። እኔ ግን ጮህኩ። ከሆዴ የወጣው ድምፅ የኔ አይመስልም ነበር። ልጅቷ ደንግጣ አለቀሰች። እናቷ "አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሆንሽ?" ብላ ተቆጣችኝ። ጠርሙሱን አንሥቼ በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ።

"ኩላንት እኮ ነው" አለ ሹፌሩ ግራ ገብቶት።

አውቃለሁ። ሹፌሩ ሳይወለድ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያሳወቁኝ ጋሽ ቃሲም ናቸው።

ጋሽ ቃሲም አሰላ ሳለን ጎረቤታችን ነበሩ። አባቴ ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነው። የተከራየነውን ቤት ከእሳቸው ግቢ የሚለየው የባሕር ዛፍ አጥር ሲሆን፣ አጥሩ ደግሞ ለአንድ ልጅ መሹለኪያ የሚበቃ ቀዳዳ ነበረው። ግቢያቸው ግማሹ መኖሪያ፣ ግማሹ ጋራዥ ነው። ዘይት የጠጣ ጥቁር አፈር፣ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ ጎማ አልባ ላንድሮቨር፣ በር ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ኤንትሬ የጭነት መኪና፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ደግሞ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል። ጋሽ ቃሲም ረጅም፣ ጎባጣ፣ ቱታቸው ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሰው ነበሩ። ነጭ ኮፍያቸው ግን ቀኑን ሙሉ ከመኪና ሥር ሲገቡና ሲወጡ ውለውም አይቆሽሽም። እንዴት እንደሚያደርጉት እስካሁን አልገባኝም። በግራ ክንዳቸው ላይ ከክርን እስከ አንጓ የተጨማደደ የቃጠሎ ጠባሳ ነበራቸው። በወጣትነታቸው የሞቀ ራዲያተር ከፍተው ነው።

ከሥራቸው ሁሉ እኔ ማየት የምወደው ኩላንት፣ ያን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ሲቀላቅሉ ነበር። ያን ጊዜ እንደ ዛሬው በየሱቁ አይገኝም። ከአዲስ አበባ በጀሪካን ይመጣላቸዋል፣ እሳቸውም እንደ ማር ይቆጥቡታል። ከተማው ውስጥ ብዙው ሹፌር ራዲያተሩን ከወንዝ በቀዳው ውሃ ይሞላል፤ ጋሽ ቃሲም ግን ይህን ሲያዩ ያማቸው ነበር። ውሃው ከበርሜሉ ይቀዳል፣ በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል፣ ይፈላል፣ ይበርዳል። ከዚያ በአንድ ሰማያዊ የብረት ጣሳ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ፣ እኩል በእኩል ይለካል። "ውሃ ብቻውን ዳገት ላይ ይፈላል፣ በቆጂ ውርጭ ላይ ይጋገራል፣ ብረቱንም ይበላል" ይሉኝ ነበር፣ ትልቅ ሰው እንደሚያዋዩ። "ኩላንቱም ብቻውን ሙቀት አይሸከምም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው።" ድብልቁን በብርጭቆ አድርገው ወደ ፀሐይ ያነሡና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። ቀለሙ ልክ ካልመጣ ይጨምሩበታል ወይም ያቀጥኑታል። የሚለኩበት ሌላ መሣሪያ አልነበራቸውም። ሲሞሉም አይቸኩሉም። ሞተሩ እየሠራ ቀስ ብለው ያፈሳሉ፣ የራዲያተሩን የጎማ ቱቦ በእጃቸው ጨመቅ ጨመቅ ያደርጋሉ፣ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጥቶ እስኪያልቅ አጎንብሰው ያዳምጣሉ። "ኢንተላ ኮ፣ ስሚው፣ ሲተነፍስ" ይሉኛል። ኢንተላ ኮ በኦሮምኛ "ልጄ" ማለት ነው። ስሜ ሰብለ ቢሆንም በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

እኚህ ሰው ግቢያቸው የማያስገቡት አንድ ነገር ቢኖር መጠጥ ነበር። አንድ ጊዜ የቢራ ሳጥን የጫነ መኪና በራቸው ላይ ተበላሸ። ሹፌሩ ገፍተን እናስገባው ቢል እምቢ አሉ። አላባረሩትም፤ እዚያው መንገድ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ ተኝተው ግማሽ ቀን ሠሩለት። በዓል ሲሆን እናቴ ለሌላው እንግዳ ጠላ ስትቀዳ ለእሳቸው ብርዝ ለብቻ ታዘጋጃለች። ከመጠጣታቸው በፊት ግን ሁልጊዜ አሽትተው፣ ፈገግ ብለው "አላደረም አይደል?" ብለው ይጠይቋታል። ሚስታቸው አዴ ሩቂያም በዚህ ይቀልዱባቸው ነበር።

ሰባት ዓመቴ፣ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የካቲት ነው፤ አቧራው ከመንገዱ እየተነሣ ዓይን ያቃጥላል። የጠዋት ፈረቃ ተምሬ፣ ሮጬ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ በአጥሩ ቀዳዳ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ሰው አልነበረም። ጋሽ ቃሲም ለስግደት ገብተዋል። የጋራዡ መስኮት ላይ አንድ የለስላሳ ጠርሙስ በወረቀት ተወትፎ ቆሟል። ፀሐይ ከኋላው ገብታበት የሚያበራ አረንጓዴ ሆኗል። እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር።

ኩላንት መሆኑን አላወቅሁም ብል ውሸት ነው። ሳያቸው ነው ያደግሁት። ግን ኩላንት በጀሪካን እንጂ በለስላሳ ጠርሙስ አይቼው አላውቅም። ወረቀቱን ነቅዬ ቀመስኩት። ጣፋጭ ነው። አንድ ጉንጭ፣ ሁለት ጉንጭ፣ ሦስት ጉንጭ። ከዚያ ጠርሙሱ መጉደሉን ሳይ ፈራሁ። ከበርሜሉ ውሃ በእፍኜ እየቀዳሁ እስከ አንገቱ ሞላሁት። ወረቀቱን መልሼ ወትፌ ወጣሁ።

የሆነውን ኋላ ከእናቴ ነው የሰማሁት። ቤት ገብቼ ብዙም ሳልቆይ መንገዳገድ ጀመርኩ። እስቃለሁ፣ እወድቃለሁ፣ ምላሴ ይተሳሰራል። እናቴ ጠላው ጋን ዘንድ ደርሼ የጠጣሁ መስሏት አንዴ በጥፊ መታችኝ፤ እስከ ሞተችበት ቀን ያቺን ጥፊ ረስታት አታውቅም። ከዚያ አስመለሰኝ። አባቴ ለምሳ ገብቶ "ትተኛ፣ ያልፍላታል" አለ። ሊያስተኙኝም ነበር።

ይህ ሲሆን ጋሽ ቃሲም ከስግደት ወጥተው ያን ጠርሙስ አነሡ። ወደ ጎበሳ ለሚሄድ ሹፌር መንገድ ላይ ቢጎድልበት ብለው ያዘጋጁለት፣ ውሃ ያልነካው ንጹህ ኩላንት ነበር። ጠርሙሱ እንደተዉት ሙሉ ነው። እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው ወደ ፀሐይ አነሡት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀለሙ ሣሥቷል። ሌላ ሰው ቢሆን አያየውም ነበር። አዴ ሩቂያ እንደነገሩኝ፣ እዚያው እንደቆሙ ፊታቸው አመድ ሆነ። "ሩቂያ፣ ውሃ ገብቶበታል" አሉ። "ሰው ጠጥቶ ነው ውሃ የሞላበት።" ከዚያ ዞረው የአጥሩን ቀዳዳ አዩ።

በራችንን ሳያንኳኩ ሲገቡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ጫማም አላደረጉም። ጠርሙሱ በእጃቸው ነበር።

"ይቺ ልጅ ምን ሆነች?"

"ጠላ ጠጥታ ነው" አለች እናቴ።

ጋሽ ቃሲም አልጋው አጠገብ ተንበረከኩ። እኔ ቀድሜ "አልጠጣሁም! ወላሂ አልጠጣሁም!" አልኩ። መሐላውን ከእሳቸው ነው የተማርኩት። አልተቆጡም። ፊታቸውን ወደ ፊቴ አቅርበው፣ ምስጢር እንደሚጠይቁ ሁሉ ቀስ ብለው፣

"ጣፋጭ ነበር?" አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሩጫ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ጎማ የነበራት ብቸኛ መኪና ራዲያተሯ ወርዶ ነበር። ተሸክመውኝ ወደ አስፋልቱ ሮጡ፣ ገብስ የጫነ ጋሪ አስቆሙ፣ ባለጋሪው ሳይጠይቅ ጆንያዎቹን ጣላቸው። የፈረሱ ኮቴ ትዝ ይለኛል፤ የጋሽ ቃሲም ልብ ከጆሮዬ ሥር ሲመታ ትዝ ይለኛል። አባቴና እናቴ ከኋላ ይሮጣሉ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለን ከሌላ ክፍለ ሀገር በቅርቡ የተመደበ ወጣት ሐኪም ነበር። ቀጭን፣ መነጽሩ በሽቦ የታሰረ። "ምን ጠጣች?" ሲል ጋሽ ቃሲም ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆሙት።

"መርዝ ነው፤ የራዲያተር ኩላንት። የኔ ነው። እኔ ነኝ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ የጨመርኩት።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "የጎደለው ከሩብ ትንሽ ያነሰ ነው። በቀለሙ አውቀዋለሁ።"

ሐኪሙ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ቆሞ አነበበ፣ ገጹን ገልጦ እንደገና አነበበ። እናቴ እግሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። ቀና ሲል እሱም የደነገጠ ይመስል ነበር።

"መድኃኒቱ እዚህ የለም። አዲስ አበባም ለመገኘቱ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ቢኖርም አንደርስም። ግን በአልኮል ማዳን ይቻላል ይላል። የታሸገ፣ ጠንካራ አልኮል። አረቄ፣ ጂን፣ እንደዚያ ያለ።"

"ዶክተር፣ ልጄ እኮ ሰባት ዓመቷ ነው" አለ አባቴ።

"አውቃለሁ።"

"አረቄ አጠጣት ነው የምትለኝ?"

"ጉበቷ ይህን ነገር ሲፈጨው ነው ኩላሊት የሚገድል መርዝ የሚሆነው። አልኮል ካገኘ ግን መጀመሪያ አልኮሉን ይፈጫል፤ ይኼኛው ሳይነካ በሽንት ይወጣል። እዚህ ያለን አልኮል ቁስል ማጠቢያ ነው፣ አይጠጣም። እለምንዎታለሁ፣ ጊዜ የለንም።"

አባቴ አልተንቀሳቀሰም። ፈዝዞ ሐኪሙን ያየው ነበር። ሐኪሙ ያበደ፣ ወይም በልጁ ላይ የሚቀልድ መስሎት እንደነበር ኋላ ነግሮኛል። ጋሽ ቃሲም ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። "የታሸገ ነው ያልከው?" አሉና በባዶ እግራቸው ወጡ።

የገቡበት ቡና ቤት ባለቤት ያን ቀን ከዓመታት በኋላ ስታወራው ሰምቻለሁ። ቤቱ በጠጪ ሞልቷል። ጋሽ ቃሲም ነጭ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ በሩ ላይ ቆሙ። ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። "ከሁሉም የሚጠነክረውን ስጪኝ" አሉ። አንዱ ሰካራም "ጋሽ ቃሲም፣ ዛሬስ ምን ገጠመዎት!" ብሎ ሲስቅ ቤቱ በሙሉ አብሮት ሳቀ። "ለልጅ ነው" አሉ። ሳቁ ባሰ። ከዚያ ፊታቸውን አዩ። "እንደዚያ ያለ ጸጥታ በቤቴ ሆኖ አያውቅም" ነበር ያለችው ሴትየዋ። ጠርሙሱን ስትሰጣቸው በጋዜጣ ልትጠቀልልላቸው ፈልጋ ነበር። አልተቀበሏትም። ብርጭቆው እየታየ፣ የሚያውቃቸው ሁሉ ቆሞ እያያቸው፣ ከመስጊዱ ፊት ለፊት ባለው መንገድ እየሮጡ አመጡት።

ነርሷ ልትለካ ስትሞክር አፈሰሰችው። "እኔ ልለካው" አሉ ጋሽ ቃሲም። ሐኪሙ መጠኑን ነገራቸው። በመርፌ ስበው ለክተው፣ በስኳር ውሃ አቅጥነው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩት። ከዚያ ራሴን በክንዳቸው ደገፉና ወደ አፌ አቀረቡት። አቃጠለኝ፣ ተፋሁት። ድጋሚ ሲያቀርቡት ሽታውን አወቅሁት።

"ጋሽ ቃሲም፣ ሀራም ነው ይሉ የለ?"

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"ላንቺ ዛሬ መድኃኒት ነው" አሉኝ። "ኃጢአት ካለውም የኔ ነው። ጠጪ፣ ኢንተላ ኮ።"

ጠጣሁ። ቀኑን ሙሉ፣ በማግስቱም፣ ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ሁሉ ጠጣሁ። ሰክሬ ዘፈንኩ አሉ። ስለ አስተማሪዬ የማይባል ነገር ተናገርኩ አሉ። እናቴ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ጋሽ ቃሲም እየለኩ ያጠጣሉ፣ ይወጡና እጃቸውን ታጥበው ይሰግዳሉ፣ ተመልሰው ይለካሉ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ሽንቴን አይቶ መነጽሩን አወለቀና ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ በፊት ተቀምጦ አላየነውም ነበር።

ፖሊስም መጣ። ጋሽ ቃሲም ቃላቸውን ሲሰጡ አንድም ነገር አላስቀሩም፤ እንዲታሰሩ የሚለምኑ ነበር የሚመስሉት። ሃምሳ አለቃው ወደ አባቴ ዞሮ "ይከሳሉ?" አለው። "አልከስም" አለ አባቴ። ይቅርታ ግን አልነበረም። እስከምንለቅ ድረስ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሰላም አይላቸውም፤ የአጥሩንም ቀዳዳ በገዛ እጁ ደፈነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አዳማ ተዛወርን። ከመሄዳችን በፊት ጋሽ ቃሲም ግቢያቸው ውስጥ ያለ ጠርሙስ ሁሉ እየለቀሙ ሲሰብሩ በአጥሩ በኩል ሰምቻለሁ። ከሽ፣ ከሽ ይላል። አንድ ሳጥን ሙሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ የማገኛቸው አልፎ አልፎ ነበር። አድጌ ራሴን ስችል በዓመት አንዴ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ስገባ ከሁሉ በፊት ፊቴን ወደ ብርሃን አዙረው ዓይኔን ያዩታል፣ "ኩላሊትሽን ታየሽ?" ይሉኛል፣ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን። ስለዚያ ቀን አንሥተን አናውቅም።

የዛሬ ሦስት ዓመት አረፉ። ለቅሶ የደረስኩት በሁለተኛው ቀን ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ አለ፤ ከበሩ ውጭ ግን ከዲክሲስ፣ ከጎበሳ፣ ከአቦምሳ የመጡ፣ የእጃቸው ዘይት ያልለቀቃቸው የጋራዥ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ይህን ያህል መካኒክ አንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። አጥሩ ሥር ጥላ ፈልጌ ስቆም አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ወንበር አቀረበልኝ። አቦምሳ ጋራዥ አለው።

"ዘመድ ነዎት?" አለኝ።

"ጎረቤት ነበርን።"

"እኔ ሥራ ስጀምር ነው የመጡብን" አለ። "በጭነት መኪና ተሳፍረው፣ እዚያ ሙቀት ድረስ። ጋራዡን ሁሉ ሰበሰቡ። ጠርሙስ ይዘው ነበር። 'ይህን አንዲት ልጅ ጠጣችው፣ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት' አሉን። እንደዚያ ሽማግሌ ሰው በሰው ፊት ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ በእኛ ጋራዥ ኩላንት በመጠጥ ዕቃ አይቀመጥም፤ ከፍ ካለ ቦታ፣ ተቆልፎ ነው። አሁን የኔም ልጆች እዚያው ይውላሉ።" ራሱን ነቀነቀ። "ልጅቷ ግን ሞተች። ምስኪን።"

መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም። "ማን ሞተች?" አልኩት።

"ልጅቷ። የጠጣችው። ሰባት ዓመቷ ነበር ይባላል።"

ወንበሩን በእጄ ያዝኩ። ሰውየው ሞቴን እንደ አንድ የታወቀ ነገር፣ ሁሉም እንደሚያውቀው አድርጎ ነው የነገረኝ። ተነሥቼ ወደ ውስጥ ገባሁ፣ ሴቶቹን አልፌ አዴ ሩቂያ ጎን ተቀመጥኩና በጆሯቸው ጠየቅኋቸው። ጋሽ ቃሲም ሞተች ብለው ነበር ወይ?

አዴ ሩቂያ እጄን ያዙ። እጃቸው ትኩስና ደረቅ ነበር።

"ዋሽቶ አያውቅም" አሉኝ። "መጀመሪያ ሁሉንም ይነግራቸው ነበር፤ መዳንሽን፣ አረቄውን፣ ሁሉን። አረቄው ላይ ሲደርስ ይስቃሉ። 'እንግዲያው ዳነች አይደል' ይሉና በማግስቱ ጠርሙሱ ተመልሶ መስኮት ላይ ነው። አንድ ቀን 'ጠጣችው' ካለ በኋላ እንባው መጣና መቀጠል አቃተው። የቀረውን እነሱ በሆዳቸው ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ እዚያ ላይ ያቆማል።" እጄን ጠበቅ አደረጉ። "ሰው ገዳይ ሲሉት ይሰማ ነበር። ይበሉኝ አለ።"

ስወጣ ሰውየው እዚያው ነበር። ውሃ አቀረበልኝ፤ ፊቴን አይቶ ይመስለኛል።

"ያውቋት ነበር እንዴ?" አለኝ።

"አውቃት ነበር።"

"ስሟን አልነገሩንም። ማን ነበር ስሟ?"

"ሰብለ" አልኩት።

ባርኔጣውን አውልቆ፣ ወደ መሬት እያየ፣ "ነፍሷን ይማር" አለ።

"አሜን" አልኩ።